የ70 ሜትሩ ዋሻ፦ ቀልድ እንዴት አንደኛ ይወጣል?

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬ ምሽት ጉዳያችን አንድ የፕላስቲክ መተላለፊያ ነው። ርዝመቱ 70 ሜትር ገደማ ሲሆን ከሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያ ጎን ቆሟል። ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ የተሸፈነ ነው፤ ከላይ ጎበጥ ብሎ ይከድናል። የሚሰጠው ጥቅም አንድ ነው፦ አስቤዛ ገዝቶ ከረጢት ያንጠለጠለ ሰው ዝናብ ሳይመታው ያልፍበታል። በተራ እርምጃ ከጫፍ እስከ ጫፍ 50 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ከቆጠራችሁት 100 እርምጃ ቢሆን ነው። ይህ መተላለፊያ በ2018 ትሪፕአድቫይዘር ላይ ከከተማው የጉብኝት ቦታዎች ሁሉ አንደኛ ወጣ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ፊታቸውን ኮስተር አድርገው አሞገሱት። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ከተማዋ ቢዩድ ትባላለች። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በኮርንዋል ሰሜናዊ ጠረፍ ላይ፣ ፊቷን ወደ አትላንቲክ አዙራ የተቀመጠች ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። ስሟ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሲታይ «ቡዴ» በሉኝ በሉኝ ይላል፤ ከቡዳ ጋር ግን ዝምድና የላትም። ቡዳ የበላቸው የሚመስሉት ሌሎቹ የከተማዋ መስህቦች ናቸው። እስቲ ዋሻው እነማንን ቀድሞ እንደወጣ ተመልከቱ።

አንዱ በ1930 የተሠራው የባሕር መዋኛ ነው። ከዓለቱ ሥር ግንብ ተገንብቶ ውኃ ታቁሯል፤ ባሕሩ ሲሞላ ማዕበሉ ግንቡን እየዘለለ ውኃውን ያድሰዋል። ርዝመቱ 90 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከዋሻው ይበልጣል፤ ለመዋኘትም አይከፈልበትም። ሌላው በ1830 ጎልድስዎርዚ ገርኒ የሚባል የፈጠራ ሰው ያሠራው ቤት ነው፤ «የቢዩድ ቤተ መንግሥት» ይሉታል። ወንጌል ቤቱን በአሸዋ ላይ የሠራውን ሰው ሰነፍ ይለዋል። ገርኒ ግን አውቆ በአሸዋ ላይ ሠራ፤ ከሥሩ እንደ ታንኳ የሚንሳፈፍ የኮንክሪት ንጣፍ አስቀመጠለት። ቤቱ ይኸው እስከ ዛሬ ቆሟል። ይኸው ሰው በነበልባል ውስጥ ኦክስጅን እያስገባ «የቢዩድ ብርሃን» የተባለ መብራት ሠርቷል፤ ሦስቱ ብቻ በእንግሊዝ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ይነዱ የነበሩትን 280 ሻማዎች ተክተዋል። ከገደሉ አፋፍ ላይ ደግሞ በ1835 የቆመ የማዕበል ግንብ አለ፤ ባሕሩ ገደሉን እየበላ ሲጠጋው በ1881 አፍርሰው ወደ ኋላ ወሰዱት፤ በ2023 እንደገና ወሰዱት። የብሪታንያ የመጀመሪያው የባሕር ሞገድ ነፍስ አድን ክለብም በ1953 የተቋቋመው እዚሁ ነው።

እነዚህን ሁሉ ነው እንግዲህ የሱፐርማርኬት መተላለፊያ ቀድሞ የተገኘው።

ቀልዱ የሚጀምረው ከስሙ ነው። እንግሊዞቹ «ተነል» (tunnel) ብለውታል፤ እነሱ ዘንድ ቃሉ የተራራ ሆድ ቀድዶ የሚያልፍን የባቡር መንገድ ያስታውሳል። ወደ እኛ ቋንቋ ስናመጣው ሁለት ምርጫ አለን። መሿለኪያ ብንለው ለነገሩ ልክ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥም በዚህ ስም የሚጠራ ሰፈር ስላለ ጆሮ አይጎረብጥም። ግን መሿለኪያ የሚባል ነገር ራሱን አያኮራም፤ አጎንብሰህ ግባ፣ ቶሎ ውጣ ይላል። ዋሻ ስንለው ነው ግዝፈት የሚያገኘው፤ ገዳም፣ መናኝ፣ ጥንታዊ ሥዕል ይከተሉታል። በዚያ ላይ በአማርኛ «ዋሻ» እና «ዋሸ» ድንበርተኞች ናቸው። ዋሻውን ያሞገሰ ዋሸ ወይስ አልዋሸም? የዛሬው ንግግር በሙሉ የሚዞረው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው፤ መልሴን ከወዲሁ ልናገርና ላስረዳ፦ ጥሩው ቀልደኛ አንዲት ቃል አልዋሸም።

በመጀመሪያ ግን ደረጃው እንዴት ተገኘ? ብዙ ሰው ድረ ገጹ ተታለለ ይላል። አልተታለለም፤ የተሠራበትን ሥራ ነው የሠራው። ትሪፕአድቫይዘር በ2000 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የተቋቋመ ሲሆን ጎብኚዎች ከአንድ እስከ አምስት አረንጓዴ ክብ እየሰጡ አስተያየት ይጽፉበታል። አንድ ቦታ በዝርዝሩ ላይ ስንተኛ እንደሚሆን የሚወስኑት በዋናነት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የተሰጠው ክብ ከፍ ማለቱ፣ የአስተያየቶቹ ብዛትና ትኩስነታቸው። ውድድሩም በከተማ የተከለለ ነው። ቢዩድ ውስጥ አንደኛ ለመውጣት ከለንደን ግንብ ጋር መታገል የለም፤ ከመዋኛው፣ ከባሕር ዳርቻዎቹና ከገርኒ ቤት ጋር ነው። ለንደን ውስጥ የቆመ መተላለፊያ ቢሆን ኖሮ በዚያው የአስተያየት ብዛት ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። ከልቡ የሚገመግም ሰው ያመዛዝናል። ባሕሩ ውብ ነበር፣ ነፋሱ ግን ቀዘቀዘን፣ የመኪና ማቆሚያ ውድ ነው ይልና አራት ክብ ይሰጣል። አንዳንዱ ዝናብ ውሎበት ሦስት ይሰጣል። ስለዚህ እውነተኛ መስህብ ምንም ያህል ቢያምር አማካዩ ከአምስት ዝቅ ይላል። የሚቀልድ ሰው ግን አያመዛዝንም፤ ሙሉ አምስት ካልሰጠ ቀልዱ ይሞታል። በዚያ ላይ ቀልደኞች እንደ አንበጣ መንጋ ናቸው፤ አንድ ሰሞን አብረው ይመጣሉ። ወሬው በጋዜጣ ከወጣ በኋላ በሳምንታት ውስጥ የተጻፈ ትኩስ ክምር፣ ባሕር ዳርቻው በዓመታት ካጠራቀመው አሮጌ አስተያየት ላይ ሲመዘን ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ግልጽ ነው። ከፍተኛ ክብ፣ ብዛት፣ ትኩስነት፤ ሦስቱም ተሟሉ።

ቀልዱ ራሱ ምን ላይ ነው? ብዙዎች ዋሻው ላይ ነው ብለው ያስባሉ። ቅኔ የተማረ ሰው ግን ቶሎ ይነቃል። ዋሻው ሰሙ ነው። ወርቁ ጎብኚው ነው፤ ይበልጥ በትክክል የጎብኚው አጻጻፍ ነው። «ከመሞታችሁ በፊት ልታዩት የሚገባ»፣ «ሕይወቴን የለወጠ ጉዞ»፣ «ሠራተኞቹ እጅግ ትሑታን»፣ «በማለዳ ብትሄዱ ይመረጣል፣ ሕዝብ ይበዛል»፤ ይህ ቋንቋ ፒራሚድ ሥር ቢጻፍ ማንም አያስተውለውም። የፕላስቲክ መተላለፊያ ሥር ሲጻፍ ባዶነቱ ይታያል። ስለዚህ ጥሩ የዋሻ አስተያየት ዋሻውን አይሰድብም። ኮርኒስ የሌለውን ቤት ኮርኒሱ ያምራል አይልም። ያለውን ብቻ ያወራል፤ ማንም የማያወራውን ያለውን።

ቀረብ ብለን እንየው። ከዚህ ቀጥሎ የማነብላችሁ ሁለት አስተያየቶች ለዚህ ንግግር የተሠሩ ማሳያዎች ናቸው፤ ከየትም አልተቀዱም። የመጀመሪያው መጥፎው ነው፦

«ዋው!!! በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ድንቅ ነገር አይቼ አላውቅም!!! ፒራሚድ ምኑ ነው፣ የቻይና ግንብ ምኑ ነው!!! ከደስታ ብዛት አለቀስኩ፣ ባለቤቴም ራሷን ሳተች!!! ሃሃሃ»

ሁለተኛው፦

«ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ደረስን። ወረፋ አልነበረም። መግቢያው በግልጽ ይታያል፤ ጣሪያውም እስከ መጨረሻው አልተቋረጠም። ወደ 35 ሜትር ላይ ስንደርስ ባለቤቴ እንመለስ ብላ ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱም ጫፎች እኩል ሩቅ መሆናቸውን ሳስረዳት ለመቀጠል ተስማማች። ውጭ ዝናብ ነበር፤ ውስጥ አልነበረም። ከአንድ ደቂቃ በታች ፈጀብን። የስጦታ ሱቁ ሰፊ ነው፣ ይሁንና በአብዛኛው የሚሸጠው ድንችና ወተት ነው።»

የመጀመሪያው የት ወደቀ? ሦስት ቃለ አጋኖ እየደረደረ አንባቢውን ሳቅ ብሎ ያዝዘዋል። ፒራሚድን ሲጠራ ንጽጽሩን ራሱ ሠራው፤ አንባቢው የሚሠራው አልተረፈለትም። ራሷን ሳተች ሲል ዋሸ፤ አንድ ጊዜ ከዋሸ ደግሞ ሌላውን ማመን የለብንም፣ ካላመንነው ደግሞ የምንስቀው ነገር የለም። «ሃሃሃ» የምትለዋ ከሁሉ የከፋች ናት፤ ሞሰቡን ከፍቶ «ወጥ ነው» ብሎ እንደመጮህ።

ሁለተኛው ውስጥ ያለው ሁሉ ሊፈተሽ ይችላል። የ70 ሜትር ግማሽ 35 ነው። በመሐል ያለ ሰው ቢመለስም ቢቀጥልም ርቀቱ አንድ ነው። ጣሪያ ካለ ውስጥ አይዘንብም። ከጎኑ ያለው ሱፐርማርኬት ድንችም ወተትም ይሸጣል። ውሸት የሚባል የለም፤ ያለው የመጠን መዛባት ብቻ ነው። ለተራራ መውጣት የሚገባውን ቃና ለ50 ሰከንድ እርምጃ ሰጠው። «ውጭ ዝናብ ነበር፤ ውስጥ አልነበረም» የምትለዋን ልብ በሉ። አጭር ናት፣ የዋሻውንም ጥቅም በትክክል የተናገረች እሷ ብቻ ናት።

ልጻፍ ለሚል ሰው እንግዲህ አሠራሩ ይህ ነው። መጀመሪያ ቦታው ይታያል። ሳይሄዱ መጻፍ የድረ ገጹን ደንብ መጣስ ነው፤ ደንቡ አስተያየቱ በራስ ላይ የደረሰ ነገር እንዲሆን ይጠይቃል። ደንቡን ብንተወው እንኳ ያልሄደ ሰው ዝርዝር የለውም፤ ዝርዝር የሌለው ቀልድ ደግሞ የሌላውን ይደግማል። ሲሄዱ አምስት እውነተኛ ነገር ይለቀማል፦ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ወለሉ ምንድን ነው፣ ድምፅ ያስተጋባል ወይ፣ የግዢ ጋሪ ያልፋል ወይ፣ ከወዲያኛው ጫፍ ምን ይታያል። ከአምስቱ ሦስቱ ይመረጣሉ። ከ60 እስከ 90 ቃል ይበቃል፤ 200 የደረሰ የዋሻ አስተያየት ከዋሻው ይረዝማል። ከዚያ ተጽፎ ያልቅና ቃለ አጋኖ ካለ ይሰረዛል፤ ቅጽል ካለ ከሁለት አንዱ ይሰረዛል፤ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «አስቂኝ» ሆኖ ከተሰማ እሱ ራሱ ይሰረዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ በፊት ያለው ነው መጨረሻው።

አማርኛ ጸሐፊ እዚህ ላይ የተለየ ፈተና አለበት። የእኛ ምፀት በድምፅ የሚኖር ነው። ልጅ ብርጭቆ ሲሰብር እናቱ «ጎሽ! አበጀህ!» ትላለች፤ ልጁ ምስጋና እንዳልሆነ ከዜማው ይገባዋል። ወረቀት ላይ ያ ዜማ የለም። ለዚህ ነው ፊደላችን የራሱ ምልክት ያለው፤ ትእምርተ ሥላቅ ይባላል፣ የተገለበጠ ቃለ አጋኖ ነው (¡)። ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ተደርጎ «የተናገርኩትን ገልብጠህ ስማው» ይላል። በካርቱንና በልጆች መጻሕፍት ላይ ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል። እዚህ ግን አያስፈልግም። «ውጭ ዝናብ ነበር፤ ውስጥ አልነበረም¡» ብላችሁ ጻፉና እዩት። ነገሩ ወዲያው ሽሙጥ ሆነ፤ ዓይኑን የሚጠቅስ ሰው መጣ። የዚህ ዓይነቱ ቀልድ ኃይሉ አንባቢው ለአንድ አፍታ «ይሄ ሰውዬ የምሩን ይሆን?» ብሎ መጠራጠሩ ነው። ምልክት ያደረገ ጸሐፊ ያቺን አፍታ ሰረቃት። አለቃ ገብረ ሃና እስከ ዛሬ የሚወሩላቸው ሲናገሩ ስለሳቁ አይደለም፤ አድማጩ ቤቱ ደርሶ ስለሚገባው ነው።

ይህ ዘዴ በቢዩድ አልተጀመረም። በ2006 አማዞን ላይ ተስካን የሚባል ወተት ለሽያጭ ቀረበ፤ አንድ ጋሎን፣ በእኛ 3.8 ሊትር ገደማ። ወተት በኢንተርኔት ማዘዝ ራሱ አስቂኝ ስለነበር ሰዎች ስለ ወተቱ ግጥምና ረጅም ትረካ ይጽፉ ጀመር። ከዚያ በኋላ ሦስት ተኩላ ለጨረቃ ሲያላዝኑ የሚያሳይ ቲሸርት መጣ፤ በ2008 አንድ ሰው ቀልዶ የጻፈበት አስተያየት በ2009 ዓለምን ዞረ፣ ቲሸርቱም እንደ ጉድ ተሸጠ። በ2012 ደግሞ ሁላችንም ትምህርት ቤት የያዝነው የቢክ እስክሪብቶ ተራው ደረሰ። ኩባንያው «ለእሷ» ብሎ የሴት እስክሪብቶ አወጣ። ገዢዎቹ እስከዚያ ቀን ድረስ በወንድ እስክሪብቶ መጻፍ ምን ያህል ያስቸግራቸው እንደነበር በዝርዝር እያስረዱ ምስጋና አቀረቡ። ከሦስቱ ይህኛው ስለታም ነው፤ ወርቁ የሚወጋው ሰው ነበረውና።

ከዋሻው ጋር እየተቀላቀለ የሚወራ ግን ፈጽሞ የተለየ ነገር አለ። በ2017 ኡባ በትለር የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በለንደን ደልዊች ጓሮ ያለች መጋዘኑን ምግብ ቤት ናት ብሎ ትሪፕአድቫይዘር ላይ አስመዘገበ። ምግብ የለም፣ ምግብ አብሳይ የለም፣ ወንበር የለም። የምግቡ ፎቶ የተሠራው ከመላጫ አረፋና ከመሳሰለው ነበር። ወዳጆቹ አስተያየት ጻፉ፤ ለቦታ ማስያዝ ለሚደውል ሁሉ «ሞልቷል» ይባል ነበር። በኖቬምበር 1 ቀን 2017 ከ18,149 የለንደን ምግብ ቤቶች አንደኛ ሆነች። ሁለቱም አንደኛ ወጡ፤ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው። መጋዘኗ የሌለ ነገር አለ ተብሎባታል፤ ማጭበርበር እንዴት እንደሚቻል ለማሳየት የተደረገ ማጭበርበር ነበር። ዋሻው ግን አለ። ሄዳችሁ ታገኙታላችሁ፣ የተባለውን ያህል ርዝመት አለው፣ ዝናብም ያስጥላል።

ሕጉም ይህን ልዩነት ያውቃል። የብሪታንያ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ በ2012 ትሪፕአድቫይዘር አስተያየቶቹ ሁሉ የእውነተኛ ጎብኚ እንደሆኑ አድርጎ እንዳያስተዋውቅ ወስኖበታል። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ደግሞ ሐሰተኛ አስተያየት በብሪታንያ በሕግ ታግዷል። ሐሰተኛ የሚባለው በእውነተኛ ተሞክሮ ላይ ሳይመሠረት እንደተመሠረተ የሚያስመስል ነው። ዋሻው ውስጥ አልፎ «አለፍኩ» ያለ ሰው እዚህ ትርጉም ውስጥ አይገባም። በሠፈሩ ያለ ፉክክረኛ ሱቅ ላይ ሳይሄድ አንድ ክብ የጣለ ግን ይገባል።

የሚበላሸው ምን ምን ላይ ነው? አንደኛው ድግግሞሽ ነው። «በዋሻው መጨረሻ ብርሃን አየሁ» የሚለው ቀልድ ለመጀመሪያው ሰው ጥሩ ነበር። ለመቶኛው የከብት መንገድ ሆኗል። ቀድሞ የተጻፈውን ሃያ ያህል ሳያነብ የሚጽፍ ሰው እዚያው ይወድቃል።

ሁለተኛው የክብ ጉዳይ ነው። አንዳንዱ ከሙገሳ ይልቅ ማማረር ያስቀኛል ብሎ አንድ ክብ ይሰጣል፦ «ገባሁ፤ ሌላ ዋሻ የለውም፤ በዚያው ነው የተመለስኩት።» ቀልዱ መጥፎ አይደለም። ሒሳቡ ግን ጨካኝ ነው። 20 ሰው አምስት ሰጥቶ 5 ሰው አንድ ቢሰጥ፣ ድምሩ 105 ለ25 ተካፍሎ አማካዩ 4.2 ይመጣል። አምስት ቀልደኞች የሃያ ሰው ሥራ አፈረሱ። ማማረር የፈለገ አራት ክብ ይስጥና ለአንዷ ክብ ምክንያቱን ይጻፍ፤ ቀልዱ እንዲያውም ይጣፍጣል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ዒላማ መሳት ነው። ዋሻው ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ የቤት ኪራይ አይከፍልም። መግቢያ ስለማያስከፍል ማንም ገንዘቡን አልተበላም። በአንድ ቤተሰብ የሚተዳደር የዓሣና ድንች ጥብስ ቤት ላይ ግን ይኸው ቃና በቀጥታ ከሰው ጉሮሮ ይነጥቃል። ባለቤቱ ዘጠኝ ወር በነፋስ የሚመታ ከተማ ውስጥ የሦስት ወር ገበያ ጠብቆ የሚኖር ሰው ነው። አዳራሽ ውስጥ ሁሉም ሲስቅ ማን እንዳልሳቀ ማየት የቀልደኛ ግዴታው ነው።

አራተኛው የማሽን ነገር ነው። አሁን አስተያየቶችን ሰብስቦ የሚያሳጥርም፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የሚያዞርም ፕሮግራም ነው። ማሽን ምፀት ሲያጋጥመው ቃሉን ብቻ ሊያነብ ይችላል፤ «የስጦታ ሱቁ ሰፊ ነው» ከተባለ የስጦታ ሱቅ አለ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ከሩቅ አገር የሚመጣ ቤተሰብ ደግሞ የሚያነበው ያንን የተፈጨውን ነው። ጸሐፊው ይህን ማስቀረት አይችልም። ግን የጻፈው ዝርዝር እውነት ከሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ድንችና ወተት እንደሚሸጥ አብሮ ተነግሯልና።

ለነገሩ ይህ ሁሉ የሚጓዝበት መንገድ ራሱ በቢዩድ ያልፋል። አውሮፓን ከአሜሪካ የሚያገናኙ ትልልቅ የአትላንቲክ የመገናኛ ኬብሎች ከባሕር የሚወጡት በዚችው ከተማ አካባቢ ነው። ሰው ሁሉ አሸዋ ላይ ፎጣ አንጥፎ ተኝቶ ከሥሩ የሁለት አህጉር ወሬ ያልፋል። ለዚህ ለኬብሉ አምስት ክብ የሚሰጥ አልተገኘም።

ከተማዋ ቀልዱን እንዴት ተቀበለችው? ባሕር ዳር ያለ የጎብኚ ከተማ ከባድ ወቅቱ ክረምት ነው፤ ፀሐይ የለ፣ ዋናተኛ የለ። የቢዩድ ሰዎች ዋሻውን በገና ሰሞን በመብራት አስጌጡት፣ ሙዚቃም ጨመሩበት፣ ሰውም ሊያየው ተሰበሰበ። ቀልዱን ሰምቶ የሚመጣ ሰው አንድ ነገር እንዲያገኝ ተደረገ ማለት ነው። ኮስተር ብለው ቢቃወሙ ኖሮ ወሬው በሁለት ሳምንት ይከስም ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ ከተሳቀብህ አብረህ ከሳቅክ ግን ባለ ቤቱ አንተ ነህ። በርግጥ ከዚያ በኋላ ሊጽፍ የሚመጣ ሰው ችግር ገጠመው። መብራትና ሙዚቃ ያለው ዋሻ በእውነትም ሊታይ የሚችል ነገር ስለሆነ ሙገሳው ሙገሳ ብቻ ሆነ። ለዚህ ነው ምርጦቹ የዋሻ አስተያየቶች ገና በሌለበት፣ በተራ ማክሰኞ ከሰዓት የሚጻፉት።

አሁን ደግሞ ለመጻፍ ሳይሆን ለመሄድ ለሚያነብ። ባሕር ዳር የሚባል ከተማ ኖሮን ባሕር የሌለን ሰዎች የባሕር ዳርቻ ጉዞ ስናቅድ በአስተያየት ላይ መደገፋችን አይቀርም። አንደኛ የወጣውን አትመኑት፤ ቁጥሩን ሳይሆን ከሥሩ የተጻፈውን ተመልከቱ። መጀመሪያ የሦስት ክብ አስተያየቶችን አንብቡ፤ ሦስት የሰጠ ሰው የሚቀልድም የሚያብድም አይደለም፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱና ስለ መኪና ማቆሚያው የሚነግራችሁ እሱ ነው። ቀጥሎ በቀን አስተካክሏቸው፤ በአንድ ሰሞን የጎረፈ ውዳሴ ካለ ከጀርባው ወሬ አለ ማለት ነው። ከዚያ ጎብኚዎች ያነሷቸውን ፎቶዎች ክፈቱ። የዋሻው ፎቶ ላይ የግዢ ጋሪ ይታያል፤ ፎቶ ምፀት አይችልበትም።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁም ልሂድ ካላችሁ፣ የቢዩድ ባቡር ጣቢያ በ1966 ስለተዘጋ የመጨረሻው መንገድ በአውቶቡስ ወይም በመኪና ነው። መኪና ይዛችሁ ከሆነ ማቆሚያው እዚያው ከመግቢያው ጎን ነው፤ ከግብፅ ፒራሚዶች በዚህ ይበልጣል። ስትደርሱ መጀመሪያ ባሕሩ ሲጎድልና ሲሞላ የሚያሳየውን ሰሌዳ እዩና መዋኛው ዘንድ ሂዱ፣ ከዚያ የገርኒን ቤት እዩ፣ ዋሻውን ለመጨረሻ አቆዩት። ጃንጥላ ያዙ። ለውስጡ አያስፈልጋችሁም፤ በ51ኛው ሰከንድ ነው የምትዘረጉት።

አመሰግናለሁ።